የእናቴ ክፍል የሽንት ሽታ አልለቅ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

የማርቆሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገበናዬን ይዤ መምጣቴ ነው፣ እንዳትስቁብኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው፣ እኔና እሷ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጄም አለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሽንት ያመልጣታል። መጀመሪያ ስትስቅ ወይ ስታስል ጠብ ይልባት ነበር። አሁን ግን ሌሊት ሳታውቀው አልጋዋ ላይ ይሄዳል፣ ቀንም ጓሮ ያለው ሽንት ቤት እስክትደርስ አይጠብቃትም። አእምሮዋ ምንም አልሆነም፣ ሁሉን ታውቃለች፣ የከፋውም እሱ ነው። ሌሊት የረጠበውን አንሶላ ራሷ ጠቅልላ ከአልጋው ስር ትደብቀዋለች። ጠዋት አገኘዋለሁ፣ ዝም ብዬ አጥበዋለሁ፣ እሷም ዝም ትላለች።

ያቃተኝ ሽታው ነው። አንሶላ በየቀኑ አጥባለሁ። ፍራሹንም ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ፣ አዲስ ስፖንጅ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በበረኪና እወለውለዋለሁ፣ ግን በረኪናውን ስደፋበት ጭራሽ ይብስና እኔንም እሷንም ያስለናል። እጣን አጨስኩ፣ ከርቤም ጨመርኩበት፣ ሽንቱና እጣኑ ተደባልቀው ሦስተኛ ሽታ ወለዱ። ዳይፐር ገዝቼ ባመጣላት «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዋጋውም በየቀኑ የሚቻል አይደለም። ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ የማርቆስ ክረምት ነው፣ ያጠብኩት ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፣ እሱም በራሱ ይሸታል።

አሁን ያስጨነቀኝ ደግሞ ነሐሴ 21 የማርያም ማኅበሯ ተራው እኛ ቤት ነው። ትናንት «ለሌላ ሰው ይለፍ በያቸው» አለችኝ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ተራዋን አሳልፋ አታውቅም። ለምን እንዳለች ገብቶኛል፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በቤቱ ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

እትዬ ከደጀን፦

ልጄ፣ ማንም አይስቅብሽም። እኔ አማቴን እስኪያርፉ ድረስ 6 ዓመት አስታምሜያቸዋለሁ፣ ያውም ውሃ ከቦኖ እየተቀዳ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በየቀኑ የሚታጠብ ነገር ቤት አያሸትም። የሚያሸተው የማይታጠበው ነው። ስለዚህ አንሶላውን ተይውና ሌላ ነገር ፈልጊ። የቤት ሰው አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል፣ ውስጥ ሆነሽ ብትፈልጊ አታገኝውም። የክፍሉን በርና መስኮት ዝጊና ገበያ ደርሰሽ ነይ። እንደተመለስሽ፣ አፍንጫሽ ሳይለምድ፣ ጎንበስ እያልሽ አንድ በአንድ አሽትች። ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጋቢ፣ የምትቀመጥበትን ወንበር፣ ጫማዋን ሳይቀር። እኔ ቤት ጉዱ የተገኘው መደቡ ላይ ከተነጠፈው አጎዛ ነው። አማቴ ቀን ቀን እሱ ላይ ነው የሚውሉት። አጎዛ ደግሞ ማን ያጥባል? ከላይ ጸጉሩ ደርቋል፣ ምንም አይልም። ገልብጬ ቆዳውን ሳሸተው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጓሮ ወስደን ቀበርነው፣ በሳምንቱ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ።

እጣኑን ተይው አልልሽም። ግን ያልታጠበ ጮጮ የሚያጥን ማን አለ? መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ወይራው የሚጨስበት። ቤትም እንደዚያው ነው።

አልጋውን ደግሞ ሁለቴ አንጥፊው። ፍራሹ ላይ ሙሻማ ታደርጊያለሽ፣ ከላዩ አሮጌ ጨርቅ፣ ከላዩ አንሶላ። እዚያው ላይ እንደገና ሙሻማ፣ ጨርቅ፣ አንሶላ። ሌሊት ሲረጥብ የላይኛውን ሦስቱን ጠቅልሎ መሳብ ብቻ ነው፣ ከስሩ የተነጠፈ ደረቅ አልጋ ይጠብቃታል። መብራት ማብራት የለ፣ ፍራሽ ማገላበጥ የለ፣ በጨለማ ራሷ ታደርገዋለች። ሙሻማ ካጣሽ ወፍራም ላስቲክም ይሆናል፣ ግን ገላዋን እንዳይነካ፣ ያልባል።

ለክረምቱ ወፍራም ነገር አታንጥፊ። አንድ ጋቢ ለማድረቅ ሦስት ቀን ትጠብቂያለሽ፣ ያረጀ ነጠላ ግን ቆራርጠሽ አጥፈሽ ብትጠቀሚበት ከቆርቆሮው ስር በነፋሱ ብቻ በአንድ ቀን ይደርቃል። ትንሽ እርጥበት የቀረውን በካውያ ጨርሽው። ብዛት ይኑርሽ እንጂ ውፍረት አያስፈልግሽም።

እናትሽ አንሶላ የምትደብቀውን ነገር… ልጄ፣ የምትደብቅበትን አንች ስጫት። ክዳን ያለው ባልዲ ግዥና አልጋዋ አጠገብ አኑሪላት። ግማሽ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃና አንድ ሲኒ አቸቶ ይኑርበት። ምንም አትበያት፣ «ለልብስ ነው» ብቻ በያት። የምትከትበት ካገኘች ከአልጋው ስር አታስገባም።

ዘመኑ ከሞጣ፦

እህቴ፣ በረኪናውን አቁሚ። ዛሬውኑ።

ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ውስጡ ዩሪያ አለ። አዎ፣ ማሳ ላይ የምንበትነው ዩሪያ ራሱ ነው፣ ፋብሪካ ስለሚሠራው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ባክቴሪያ ይህን ዩሪያ ሲሰባብረው አሞኒያ ይወጣል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ስለዚህ ሽታው ከሰውየው ሳይሆን ከቆየው ሽንት ነው፣ ሰዓት በሰጠሽው ቁጥር ይብሳል። ደርቆ የቀረው ደግሞ የሞተ ይመስልና አየሩ ሲረጥብ እንደገና ይነሳል። በጋ ላይ ጠፋ ብለሽ ክረምት ላይ የሚመለስብሽ ለዚህ ነው።

በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ያሳላችሁ እሱ ነው። ለጤነኛም ሳንባ መጥፎ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለተኛች የ78 ዓመት ሴት ደግሞ አስቢው። በረኪናን ከአቸቶ ወይ ከሎሚ ጋር መቀላቀልም ክልክል ነው፣ ያ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ቤታችን ውስጥ «ሁሉንም አንድ ላይ ብናደርገው ይጠነክራል» የሚል ልማድ አለ፣ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል። የግድ በረኪና ካልሽ ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ሌላ ቀን፣ በቀጭኑ በጥብጠሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ እናትሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ ነው።

ለሽታው የሚሠራው አቸቶ ነው። አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን ይይዘዋል። አንድ እጅ አቸቶ ሦስት እጅ ውሃ አድርገሽ የሸተተው ላይ አፍስሽበት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ እየተጫንሽ ምጠጭው። አታሽው፣ ማሸት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሲደርቅ የአቸቶው ሽታ አብሮ ይሄዳል። ለፍራሽ ከሆነ ከደረቀ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሽበትና አሳድረሽ አራግፊው። ሶዳውንና አቸቶውን ባንድ ጊዜ አትጠቀሚ፣ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፣ አረፋው ዓይን ያስደስታል እንጂ የሚቀር ነገር የለም። ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፣ ሱቅ ስትሄጅ ይሰጡሻል፣ እንዳትሸወጅ።

ለልብሱ ኢንዛይም ያለበት የዱቄት ሳሙና ካገኘሽ (ፓኬቱ ላይ ይጻፋል) ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። እናቶቻችን ለጋቢ የሚጠቀሙበት እንዶድም ያጸዳል፣ ግን በደንብ ይለቅለቅ፣ ለገላ የሚሆን ነገር አይደለም።

ቡሬ 1፦

ምን ያን ያህል ያጨቃጭቃል። ከሰዓት በኋላ ውሃ አታስጠጫት፣ አለቀ። ያልገባ አይወጣም።

ሲስተር ከዳንግላ፦

@ቡሬ 1 ወንድሜ፣ ይህን ምክር ሰምተው ነው ሰዎች እናታቸውን አድርቀው የሚያመጡልን። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ቀለሙ ጠላ ይመስላል፣ ሽታው እጥፍ ይሆናል፣ ፊኛውንም ስለሚቆጣው ጭራሽ ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። ከመኝታ በፊት ያለውን ሁለት ሰዓት መቀነስ ይቻላል፣ ቀኑን ግን መጠጣት አለባቸው። ሽንታቸው የገለባ ቀለም ሲኖረው ነው ደህና የሚባለው።

እህቴ የማርቆሷ፣ እማማ ፍልሰታን እየጾሙ ነው አይደል? ስንት ሰዓት ድረስ? እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ከዋሉ የሽታው ግማሽ መልስ እዚያ ነው። እኔ ጹሙ አትጹሙ የማለት ሥልጣን የለኝም። የንስሐ አባታቸውን አማክሪያቸው፣ ለታመመና ላረጀ ሰው የሚሉት ያውቃሉ። ልጅ ስትለምን የማይሰሙ እናቶች የንስሐ አባት ሲናገር ይሰማሉ፣ በየዓመቱ የማየው ነው።

አሁን የምጠይቅሽን መልሽልኝ። ስኳር ተለክተው ያውቃሉ? ከበፊቱ በላይ ይጠማቸዋል? ሆድ ድርቀት አለባቸው? (የደረቀ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፣ ሰው አይጠረጥረውም።) የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ራስሽ ግን አትቀይሪ። ቡናውስ? አቦሉን ማንም አይከለክላቸውም፣ የ11 ሰዓቱን በረካ ግን ሌሊቱን ይከፍሉበታል።

ሽታ ብቻውን ኢንፌክሽን ነው ማለት አይደለም። አብሽ እንኳ የሽንትንም የላብንም ጠረን ይቀይራል። ነገር ግን ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ደም፣ ወይም ድንገት መዘባረቅ ከመጣ በዚያው ቀን ውሰጃቸው። አረጋውያን ላይ አንዳንዴ ትኩሳት ሳይኖር መዘባረቁ ብቻ ይመጣል፣ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላው ሰዓት ነው። እስኪመጣባቸው አትጠብቁ፣ በየሁለት በየሁለት ተኩል ሰዓቱ ይሂዱ፣ ጓሮው ሩቅ ከሆነ ፖፖ ክፍላቸው ይግባ። ሲስቁና ሲያስሉ የሚያመልጠው ደግሞ ጡንቻው ስለላላ ነው። ሽንት ለመያዝ እንደሚጨብጡት አድርገው አምስት ቆጥረው መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እየሸኑ ሳይሆን ተቀምጠው። በ78 ዓመትም ይሠራል፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

ገላቸውን በለስላሳ ሳሙና ከፊት ወደ ኋላ አጥበሽ በፎጣ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂ፣ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ። እጥፋት ውስጥ የቀረ ሽንት ልብስ ቢቀየርም ይሸታል፣ ቆዳም ይልጣል።

ኧረ አንድ ነገር ረስቼ። ልብስ ለማድረቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። በየክረምቱ ሰው ይሞታል።

የእንጅባራው፦

እኔ አባቴን ነው የማስታምመው፣ 84 ዓመቱ ነው። ጥር 23 ሲመጣ ፈረስ ሸልሞ ሲጋልብ የኖረ ሰው ነው፣ እና ሱሪው ረጥቦ ሰው እንዳያየው ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። የእሱ ፕሮስቴት ነው፣ ታክሞ ተሻለው፣ ግን ሌሊት አሁንም ያመልጠዋል።

ለወንድ ቀላል ነው። የ3 ሊትር የዘይት ጀሪካን እጀታ ያለውን አፉን ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ጠርዙ እንዳይቆርጠው በጋለ ቢላ አለሰለስኩት። ማታ ከስሩ ጥቂት ውሃና አቸቶ አደርግበታለሁ፣ አልጋው አጠገብ ያድራል፣ እስኪነጋ አይሸትም። ጠዋት ደፍቼ አለቀልቀዋለሁ። ፖፖም ላይ ይሄው ይሠራል።

ዳይፐሩን እሱም እንቢ ብሎ ነበር። ስሙን ቀየርኩት። «ለመንገድ የሚሆን የውስጥ ሱሪ ነው፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ ረጅም ነው» አልኩት። ለመንገድ ብቻ ብሎ ለበሰው። ከዚያ ለለቅሶ ለበሰው። አሁን ራሱ «ያ የመንገዱ አለ?» ይለኛል። እማማንም ለቤት ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ብለሽ ጀምሪያቸው፣ በቀን አንድ ከሆነ ዋጋውም ይቻላል። ሞዴስ የሚገዙም አሉ፣ ለጠብታ ይሆናል እንጂ ሙሉ ሽንት አይችልም።

የተጠቀመበትን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉ፣ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱን ይሞላል። ወደ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ፣ ከቤት ውጭ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ ማቆየት ነው። እኔ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ባለ ካርቶን ነበር የማጠራቅመው፣ ከዚያ «ቤቱ ለምን ይሸታል» እላለሁ፣ ጅል።

የማርቆሷ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ሳቄም እንባዬም መጣ። ሲስተር፣ አዎ ትጾማለች፣ እስከ 9 ሰዓት፣ አንዳንዴ እስከ 11። ስኳር ተለክታ አታውቅም። ግፊት አለባት፣ ኪኒኗን ማታ ነው የምትወስደው፣ ስሙን ጠዋት አይቼ እጽፍልሻለሁ። የንስሐ አባታችንን ነገ ቅዳሴ ሲወጡ አገኛቸዋለሁ።

እትዬ፣ ባልዲውን ገዝቻለሁ። ምንም አላልኳትም። ዛሬ ጠዋት አንሶላው ባልዲው ውስጥ ነበር።

የጣና ዳሯ፦

ከዚህ ቤት ለሌላ እናት የሚሆን ነገር ልጨምር። እኔም የእርጅና መስሎኝ ስለኖርኩ ነው።

አክስቴ ገጠር ነው ያደገችው። ሽንት ያመልጣታል፣ ሁላችንም የምናውቃት እንዲሁ ነው፣ ሁልጊዜ ጥግ ትቀመጣለች፣ ሰርግ ላይ አትታይም። እርጅና ሲጨመርበት ነው እኔ ቤት የመጣችው። አንድ ማታ እግሯን እያጠብኳት «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «የመጀመሪያ ልጄ ከሞተብኝ ጊዜ» አለች። አራት ቀን ምጥ ላይ ቆይታ ነው። እርጅና አልነበረም፣ ፊስቱላ ነው፣ የቆየው ምጥ ፊኛዋን ቀዶት። ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቃትም።

ባሕር ዳር ሀምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ በፈረንጅ 2005 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሕክምናው በነፃ ነው። እናታችሁ ወይ አክስታችሁ ከወሊድ ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚፈስሳት ከሆነ ዕድሜዋን አይታችሁ አትተዉት። አክስቴን ዘግይተን ወሰድናት፣ ቢሆንም አሁን ደረቅ ናት። ጥግ መቀመጡን ግን አልተወችም፣ ለምዳዋለች።

እህቴ የማርቆሷ፣ ያንች እናት ነገር ይህ እንዳልሆነ ካወራሽው ይገባኛል፣ ያለፈው ዓመት ነው የጀመረው ብለሻል። የጻፍኩት ለሚያነብ ሰው ነው።

የማርቆሷ፦

ዛሬ ነሐሴ 23 ነው። ያገኘሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት።

እትዬ እንዳሉኝ ክፍሉን ዘግቼ ገበያ ሄድኩ። ተመልሼ በሩን ስከፍት፣ ውይ፣ ለካ ሰው ይህን ነበር የሚያሸተው። ትራሱ ደህና ነው፣ ጋቢው ደህና ነው። ወንበሯ ትንሽ ይላል። አዲሱን ፍራሽ አነሳሁት፣ ከስሩ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል፣ ፍራሹን እንዳይበላው ብለን ያነጠፍነው ነው፣ ያውም የዩሪያ ከረጢት፣ መምህር ዘመኑ ይሳቁ። እሱን ሳነሳው አገኘሁት። የአልጋው ጠፍር ነው። አባቴ ሲያገቡ ያሠራው የጠፍር አልጋ ነው፣ ቆዳው ዓመት ሙሉ ሽንት ሲጠጣ ከርሟል። መሀል መሀሉ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ በጣቴ ስነካው እንደ ጥሬ ሥጋ ይላል። እኔ ፍራሽ እቀይራለሁ፣ እሱ ከስር እየሸተተ አዲሱንም ፍራሽ ያስለምደዋል።

አልጋው ይጣል ብል እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ወንድሜ ከአማኑኤል ከተማ መጣና ጠፍሩን ቆርጦ አወጣው፣ እንጨቱን በአቸቶ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ እንደ እድል ሆኖ ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣልን። ከዚያ በናይለን ገመድ ጠፈረው። እማየ ደጃፍ ተቀምጣ ታየዋለች። ሲጨርስ እጇን አሳርፋ ነካ ነካ አደረገችውና «አባትህ ይህን ሲጠፍር ሦስት ቀን ፈጀበት፣ አንተ በግማሽ ቀን? ይህማ አይበረክትም» አለችው።

ፍራሹን ዘመኑ እንዳሉት በአቸቶ አከምነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ግን ሁለት ሱቅ ዞሬ አጣሁ፣ ፓውደሩን ነው የሚሰጡኝ፣ እውነትዎን ነው። ያለ ሶዳው ግን ወጥቶለታል ማለት ይቻላል። አልጋው ሁለቴ ይነጠፋል። ኪኒኗን ሐኪሙ ወደ ጠዋት አዛወረላት። የንስሐ አባታችን ውሃውን ፈቀዱላት፣ እሷ ግን ከ6 ሰዓት በፊት አልጠጣም ብላ ከሳቸው ጋር ተከራክራ 6 ሰዓት ላይ ተስማሙ። ሌሊት አሁንም ይረጥባል። አይጠፋም ብዬ ተቀብያለሁ፣ አይሸትም ግን።

ማኅበሩ እኛ ቤት ሆነ። ሰው በዛ፣ ዝናብም ስለነበር ሁሉም ውስጥ ነው፣ ቦታ ሲጠብ ሁለት እናቶች ክፍሏ ገብተው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እማየ ጠላ እየቀዳች ነበር። እጇ ቆመ። ዓይኗን ከነሱ ላይ ሳትነቅል ቆየች። እነሱ ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ አንዷ እንዲያውም ጋደም አለች።

ሲስተር፣ ሰኞ ለስኳር ምርመራ ልወስዳት ነው። ቁርሷን ትብላ ወይስ ባዶ ሆዷን ትሂድ?

ሲስተር ከዳንግላ፦

ባዶ ሆዳቸውን ይሂዱ። ውሃ ግን ይጠጡ፣ እኔ ፈቅጃለሁ በያቸው።